ያቋረጥኩት ምሳ

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ እንደማትወጂ አውቃለሁ። «ወረቀት ፊት የለውም፤ ሲዋሽ አያፍርም» ትይ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውን ድምፅ ከሰው ጆሮ ስታገናኚ የኖርሽ ሴት፣ ድምፁን ያልሰማሽውን ሰው ማመን አይሆንልሽም ነበር። እኔ ግን ድምፄን ላሰማሽ የምችልባቸውን ቀናት በገዛ እጄ ጨርሻቸዋለሁ። የቀረኝ ይኸው ወረቀት ነው። እንግዲህ ታገሺኝ።

ስለዚያ ምሳ ነው የምጽፍልሽ።

አሳቡ የእኔ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ መነጽር ሊያሠራ ሱቄ የመጣ ደንበኛ፣ ሌንስ እየቀያየርኩ ፊደል ሳስነብበው፣ «የድሮው የስልክ ማዞሪያ ቤት ምግብ ቤት ሆነ እኮ! ትናንት በላሁበት፤ አቤት ጣሪያው!» አለኝ። ሕንፃው መቶ ዓመት ያለፈው ነው። አንቺ ጡረታ በወጣሽበት ዓመት ተዘግቶ፣ አሥራ ሰባት ዓመት መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተው እርግብ ሲፈለፈልበት ኖረ። በአጠገቡ ባለፍን ቁጥር ፊትሽን ወደ ማዶ ታዞሪ እንደነበር አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወጣትነትሽን በጨረስሽበት አዳራሽ እንደ እመቤት ተቀምጠሽ፣ ሌላው እያስተናገደሽ ምሳ ስትበዪ።

ደውዬ ገና ወሬውን ሳልጨርስ ደረስሽበት።

«ማዞሪያ ቤት እንዳይሆን ብቻ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ከተማው ሁሉ የሚያወራውን እኔ አልሰማም? ሌላ ቦታ እንሂድ። እዚያ ምን አለኝ?»

«ወጣትነትሽ አለ እንጂ!»

«እሱ ከሆነማ እዚያው ይተኛ፤ አትቀስቅሺው» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። በማግስቱ ጉልበቴን አሞኛል አልሽ። በር ድረስ በመኪና አደርስሻለሁ አልኩሽ። የሚለበስ የለኝም አልሽ። ጥቁር ሰማያዊው ካፖርትሽ ምን ሆነ አልኩሽ። ሦስተኛ ምክንያት ሳታገኚ ጠረጴዛ አስያዝኩ። ሰው እንዲህ ሲሸሽ አንድ ነገር ቢኖረው ነው ብሎ መጠርጠር ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልመጣልኝም። ደስ ላሰኝሽ ቸኩዬ ነበር።

የምታውቂውን ታሪክ ደግሜ የምጽፈው ለራሴ ነው፤ በልጅነቴ የደረደርኩት ቦታ ቦታው ላይ ስላልነበረ እንደገና መደርደር አለብኝ። እናቴ ከአባቴ ተጣልታ ከቤት ስትወጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። «ቤት ስይዝ እወስድሻለሁ» ብላ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። አባቴ ድልድይ ጠጋኝ ነበር፤ ወር ሙሉ በየወንዙ ዳር ከርሞ ሲመጣ ስሟ እንዲነሳበት አይፈልግም። «ከዚህ ቤት የወጣ ስም ተመልሶ አይገባም» አለ፤ አልገባም። ዓመት ቆይቶ አንቺ መጣሽ፣ አንድ ሻንጣና ጎኑ የታጠፈ ጃንጥላ ይዘሽ። እማዬ በይኝ አላልሽም። «እትዬ በይኝ፤ እሱ ይበቃኛል» አልሽኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ከሩቅ ከተማ አጭር ደብዳቤ መጣ። አባቴ እንደቆመ አነበበውና «እናትሽ አርፋለች» ብሎኝ መሣሪያውን አንስቶ ወጣ። አንቺ ጭንቅ አድርገሽ አቀፍሽኝ። «ለእኔማ ድሮም ሞታለች፤ ረስታኛለች» አልኩሽ። ፀጉሬን ሲዳብስ የነበረው እጅሽ ቆመ። ከዚያ በኋላ ይቺን ቃል ለጓደኛም፣ ለባልም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ስናገራት ኖሬአለሁ፦ እናቴ ረስታኝ ሞተች። ብዙውን ጊዜ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ትሰሚ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ስንደርስ የነሐሱን እጀታ ይዘሽ ቆምሽ። «እጀታው ያው ነው፤ በብርድ ቀን ጣት ያቆራምዳል» አልሽ። ውስጡ ግን ሌላ ቤት ሆኗል። ወለሉ ከመወልወሉ የተነሳ ፊት ያሳያል። ድሮ ስልክ የተጠራለት ሰው ገብቶ የሚያወራባቸው ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች በራቸው ተነቅሎ፣ በየአንዳንዳቸው የሁለት ሰው ጠረጴዛ ገብቶባቸዋል። ቁጥሮቻቸው ግን ግንባራቸው ላይ እንዳሉ ናቸው። የምግብ ዝርዝሩ በቆዳ ተለብጧል፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ የሕንፃው ታሪክ አለ። ማን እንዳሠራው፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ሹም መርቆ እንደከፈተው። በዝግታ አነበብሽውና ዘጋሽው።

«ድንጋዩን እንኳ በስሙ ጠርተዋል» አልሽ። «ከእኛ አንድም ሰው አላነሱ።»

ሾርባው መጣ። በዚያ ሰፊ ሳህን መሃል አንድ ጭልፋ የማትሞላ ነበረች። «ይቺን ለማድረስ ይሄን ሁሉ ሜዳ ምን አስኬዳቸው?» ስትይ ከት ብዬ ሳቅሁ። ያጠገባችን ሰዎች ዞረው አዩን። መልካም ቀን ነው፣ ጥሩ አደረግሁ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አላስችል አለኝ። አስተናጋጁን፣ ያን ፀጉሩ ከፊቱ የሸሸውን ጨዋ ጎልማሳ፣ ጠራሁትና «እኚህን እናት አወቋቸው? የዚች ከተማ አፍና ጆሮ እኮ እሳቸው ነበሩ» አልኩት። ክንዴን ቆነጠጥሽኝ። ሰውየው ግን ደስ ብሎት «እንዲህ ከሆነማ ዕቃችንን አይተው ይፍረዱልን፣ እናቴ» ብሎ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ መራሽ። የድሮውን ማዞሪያ ቫርኒሽ ቀብተው ለጌጥ አቁመውታል። ገመዶቹ ከኋላ ተቆርጠው ከፊት ተንጠልጥለዋል። አራተኛው ወንበር ያንቺ እንደነበር አውቃለሁ። «አንዴ አሳዪን እትዬ፣ በሞቴ!» ብዬ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

ተቀመጥሽ። ማዳመጫውን ፀጉርሽ ላይ አጠለቅሽ። ወገብሽ ቀጥ አለ። አንድ ገመድ አንስተሽ ሳታዪ ቀዳዳው ውስጥ ሰካሽና፣ «ማዞሪያ፤ ማንን ላገናኝዎ?» አልሽ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ አንዲት መጨማደድ የሌለበት የወጣት ድምፅ። በየጠረጴዛው ያሉት አጨበጨቡ። አስተናጋጁ እጅ ነሳሽ። አንቺ ግን ማዳመጫውን አላወለቅሽም። ያችን ቀዳዳ ትክ ብለሽ እያየሽ ቀረሽ። ትዝታ ነው ብዬ እጅሽን ይዤ ወደ ጠረጴዛችን መለስኩሽ።

«ሚጢጢዬ» አልሽኝ። «እናትሽ እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ደውላብኝ ነበር።»

«ማን?»

«የወለደችሽ። ሦስት ጊዜ። ስምንት ዓመትሽ ነበር።»

አንቺ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ባይ ነበርሽና ከሥሩ ጀመርሽልኝ። በዚያ ዘመን በየቤቱ ስልክ እንዳልነበረ፣ ከሌላ ከተማ የሚደውል ሰው የሚፈልገውን ሰው ስም ለማዞሪያ እንደሚናገር፣ ማዞሪያዋ መጥሪያ ጽፋ ለመልእክተኛው ሽማግሌ እንደምትሰጥ፣ የተጠራውም ሰው በማግስቱ በተባለው ሰዓት መጥቶ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ገብቶ እንደሚያወራ። ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ። የማላውቀው የሚቀጥለውን ነበር።

«‹ልጄን ጥሩልኝ› አለች። ድምፄን አላወቀችውም፤ ከየት ታውቀዋለች? ስምሽን ጻፍኩ፣ የቤታችንን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ መጥሪያውን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ‹በዚህ አድራሻ ማንም የለም› አልኳት። ወር ቆይታ ደወለች፤ ‹ለቀው ሄደዋል› አልኳት። በሦስተኛው ‹እባክሽ እህቴ› አለችኝ። ገመዱን ነቀልኩት።»

«ለምን?» አልኩሽ።

«ፈራኋ። ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ ሐኪሙ ተስፋ አስቆርጦኛል። አንቺ ደግሞ በዚያ ሰሞን ነው ማለዳ ማለዳ እየመጣሽ ከብርድ ልብሴ ሥር መግባት የጀመርሽው። ድምፅዋን ከሰማሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ተነሳሁ። ወንበሬ ከኋላዬ ወደቀ።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት!» አልኩሽ። «ረሳችኝ እያልኩ ሠላሳ ሰባት ዓመት ስለፈልፍ አፍሽን ለጉመሽ ሰማሽኝ!»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ተቀመጪ፣ በእናትሽ።»

«በየትኛዋ?» አልኩሽ።

እንደዚያ ዓይነት ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንቺም አላሰብሽም መሰለኝ፣ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ገፋ አልሽ። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። አስተናጋጁ ዓሣውን ይዞ ሲመጣ መሃል ላይ ተላለፍን። በመኪና ያመጣሁሽን፣ ጉልበትሽን የሚያምሽን ሴት፣ መመለሻ እንኳ ሳላስብልሽ ትቼሽ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ አላየሁሽም።

በየሳምንቱ አንዴም ሁለቴም ደወልሽ። መጀመሪያ መጀመሪያ ስምሽ ስልኬ ላይ ሲመጣ ልቤ ይመታ ነበር። ኋላ ኋላ እንደ መኪና ጡሩምባ ለመድኩት፤ ይጮሃል፣ ይቆማል። ባለቤቴ «አንድ ጊዜ አንሺላት፤ የምትይውን ብለሽ ዝጊባት» ይለኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔም ይዤ ነበር። ደግሞ ልንገርሽ፣ መያዙ ይጣፍጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ እንዳልረሳችኝ ያወቅሁበት ዓመት ነው፤ በአንድ እጄ እሷን አቅፌ በሌላው አንቺን መግፋት እውነት ያለበት ነገር መሰለኝ።

በስድስተኛው ወር ሱቅ ድረስ መጣሽ። በመስኮቱ አየሁሽ፤ ጃንጥላሽን ተመርኩዘሽ መንገድ ስትሻገሪ። አብራኝ ለምትሠራው ሴት «የለችም በያት» አልኳትና ሌንስ ወደምሞርድበት የኋላ ክፍል ገባሁ። መሞረጃውን አጠፋሁት፤ ድምፅሽን መስማት ፈልጌ ነው፣ አልዋሽሽም።

«የለችም? ግድ የለም። እንደመጣሁ ብቻ ንገሪልኝ።»

«መልእክት ካለዎት ልጻፍልዎ?»

«አይ፣ በወረቀት የሚሆን አይደለም፣ ልጄ። አንድ ነገር ጀምሬላት ስላልጨረስኩ ነው።»

ከዚያ ትንሽ ቆምሽ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መነጽሮች የምታዪ መሰለኝ። የአንድ ደንበኛ ሌንስ በእጄ ጨብጬ ነበር፤ ስትወጪ መዳፌን ብከፍተው ጠርዙ ቆርጦኛል። «ደግሞ ምን ቀርቶሽ ነው የምትጨርሺው?» አልኩ ለራሴ፣ ለብቻዬ፣ በዚያ ጠባብ ክፍል።

ማክሰኞ ማለዳ ነበር። ስልኬ ጠራ፤ ስምሽ ነው። አላነሳሁም። ወዲያው ደግሞ ጠራ። በአራተኛው ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁትና ሻዬን ጠጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯ ከአንገቷ ሳይወርድ፣ ሱቄ በር ላይ ቆመች። «በእሷ ስልክ እኮ የደወልኩልሽ እኔ ነኝ!» አለችኝ። ቁርስሽን አቅርበሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ አግኝታሽ ነው። ቁጥሬን ፈልጋ አላጣችውም፤ ከላይ የነበረው የእኔ ነው። «መጀመሪያ ስደውልልሽ ነፍስ ነበራት» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም። የሆነውን መናገሯ ነው።

ያን ቀን ማታ ሳይሆን፣ ከቀብርሽም በኋላ ሳይሆን፣ ቆየት ብዬ አንድ ቀን ስልኬን ከፍቼ ያላነሳኋቸውን ጥሪዎችሽን ቆጠርኩ። አንቺ የከለከልሽኝ ሦስት ጥሪ ነበር። እኔ ዘጠና ሁለት።

ከቀብሩ ወዲያ ሰዉ እየተመናመነ ሲሄድ አንዲት ከዘራ የያዙ ሴት ከጥጉ አልነሳ አሉ። ሰባት ቁጥር ነበሩ። እናንተ የማዞሪያ ሴቶች እርስ በርስ በወንበራችሁ ቁጥር ነበር የምትጠራሩት፤ ከሰባት ወንበር የቀሩት አሁን እሳቸው ብቻ ናቸው። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ነገሩን ጨርሳ ነገረችሽ?» አሉኝ።

«ነገረችኝ። ሦስቱን ጥሪዎች።»

«እሱማ መጀመሪያው ነው። ሌላውስ?»

የምን ሌላ ብዬ አየኋቸው። ሰባት ቁጥር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አደረጉ። «አዬ አራት ቁጥር! ‹ጻፊላት› ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። ‹ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት› ትለኛለች። ግትር!» አሉና አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እዚህ አይሆንም። የፊታችን ቅዳሜ ማዞሪያ ቤት ምሳ አብዪኝ» አሉኝ።

ወሰድኳቸው። ያ አስተናጋጅ ገና ሲያየኝ አወቀኝ። «እናትዎ ደኅና ናቸው?» አለኝ። ስነግረው የያዘውን ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያን ቀን የእርስዎን ዓሣ ላንሳው ብል ከለከሉኝ። ‹ልጄ ሥራ ጠርቷት ነው፤ ትመለሳለች› አሉኝ። ለእራት ጠረጴዛ እስክናሰናዳ ድረስ ተቀምጠው ነበር» አለኝ።

ሰባት ቁጥር የምግብ ዝርዝሩን ሳይከፍቱ ገፋ አደረጉት።

«ስሚ። ሦስተኛውን ጥሪ ከነቀለች በኋላ ያች ሴት ሰው አልሆነችም። እኔ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። ‹ኃጢአት ሠራሁ› አለችኝ። ‹ታዲያ ፈልጊያታ› አልኳት። እናትሽ ግን ተስፋ ቆርጣ መደወል ትታለች። ከየትኛው ከተማ እንደደወለች እናውቃለን፤ ሴትየዋ ከየት ትገኝ? ሥራ ሲቀዘቅዝ አራት ቁጥር የዚያን ከተማ ማዞሪያ ትጠራለች። እነሱ ወደ ሌላው ይመሯታል። ከማዞሪያ ማዞሪያ፣ ሁለት ዓመት እንዲህ ፈለገቻት። የት ተገኘች? የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝታ።»

«እትዬ… ነገረቻት?»

«አንድ ሳታስቀር። እኔም በሌላ ማዳመጫ እሰማ ነበር። ‹ልጅሽ የለችም ያልኩሽ እኔ ነኝ› አለቻት። እናትሽ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ከመርዘሙ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ልፈትሸው እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ‹በልታ ታድራለች?› አለች።»

እትዬ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ትደውይላት እንደነበር ነገሩኝ። ጥርሷ ወለቀ፣ ክፍል አለፈች፣ ኩፍኝ ይዟት ዳነች እያልሽ። እኔ ሜዳ ላይ ስቦርቅ፣ እናንተ ሁለታችሁ ስለ እኔ ጉልበት ቁስል ታወሩ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? እናቴ ከሞተች በኋላስ?»

«እናትሽ አስምላት ነዋ! ‹ድኜ ከመጣሁ እኔው እነግራታለሁ። ካልዳንኩ ግን እዚህ ወድቄ ስስል እያሰበች አትደግ። ረሳችኝ ብላ ትቆጣ፤ የተቆጣ ልጅ ይበላል፣ ይማራል። የሚያለቅስ ልጅ ነው የሚከሳው› አለቻት። አራት ቁጥር ቃሏን ጠበቀች። አንቺ እናቴ ረሳችኝ ባልሽ ቁጥር እኔ ጋ መጥታ ነበር የምታለቅሰው።» ሰባት ቁጥር ውሃ ጠጡ። «አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ይዛሽ መጥታ ነበር። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነው። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አለኝ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ቢጠይቁኝ ኖሮ ጨዋታ ነበር እል ነበር። ወንበሩ ከፍ ብሎብኝ እግሬ ተንጠልጥሎ፣ ማዳመጫው ወደ አንገቴ እየተንሸራተተ። «መስመር እየሞከርን ነው፤ ከመጽሐፍሽ አንድ ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢ» አልሽኝ። ስለ ዝናብ የሚያወራውን ገጽ አነበብኩ፤ ውሃ በፀሐይ ሞቆ እንዴት እንደሚወጣ፣ እንዴት ደመና እንደሚሆን። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አሳለ። «እትዬ፣ ሰው አለ!» ብዬ አቆምኩ። «መስመሩ ነው፤ ቀጥዪ» አልሽኝ። ሌላም ገጽ ጨምሬ አነበብኩ፤ ጎበዝ እንድትይኝ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቆመሽ ነበር።

«ስትጨርሺ ውጪ ከረሜላ ግዢ ብላ ላከችሽና ማዳመጫውን ወሰደች» አሉ ሰባት ቁጥር። «እናትሽ ‹ነጠላ ሰረዝ ላይ ሳይቀር ታርፋለች እኮ። ማን አስተማራት?› አለች። ‹እኔ ነኝ። በስልክ ማውጫ ነው ፊደል ያስቆጠርኳት› አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ አንደኛዋ እየሳለች። ከዚያ እናትሽ ‹እግዜር ይስጥሽ› አለቻት። አራት ቁጥር ማዳመጫዋን አውልቃ ሰጠችኝ። መስመሩን የዘጋሁላቸው እኔ ነኝ።»

ምሳው መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ተነሳ። ሁለታችንም አልነካነውም። አስተናጋጁ አልጠየቀንም።

እትዬ፣ ቁጣዬ ከንቱ ነበር ብዬ አልሸነግልሽም። ሦስቱ ጥሪዎች ሦስት ጥሪዎች ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የእናቴን ድምፅ መስማት ይገባኝ ነበር፤ ያን ወስደሽብኛል፤ አንቺም አላስተባበልሽም። ግን የሰው ሥራ በአንድ ቀኑ ብቻ እንደማይመዘን ከአንቺ በላይ ማን አስተምሮኛል? በደልሽን ራስሽ ጀመርሽልኝ፤ ከሚያስመሰግንሽ በኩል መጀመር ትችዪ ነበር። «እናትሽን ያገኘኋት እኔ ነኝ» ብለሽ ብትጀምሪ አንገትሽን አቅፌ አለቅስ ነበር። አላደረግሽውም። የከፋውን አስቀደምሽ። እኔም የከፋውን ብቻ ይዤ ሮጥኩ።

በሚቀጥለው ወር እናቴ ወደ ሞተችበት ከተማ እሄዳለሁ። ሆስፒታሉ አሁንም አለ ይባላል፤ የሙታኑን መዝገብ የሚያውቅ ሰው አፈላልጋለሁ። መቃብሯን ባገኘው ምን እንደምላት አስቤዋለሁ። ስለ አንቺ ነው የምነግራት። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ወዲያ ያለውን እሷ አታውቀውምና፣ ትምህርቴን እንዴት እንዳስጨረስሽኝ፣ ስዳር ቀሚሴን ቆመሽ እንዴት እንዳሰፋሽልኝ፣ አባቴን በመጨረሻው ሕመሙ እንዴት እንዳስታመምሽው። ደግሞ እኔ ያደረግሁብሽንም እነግራታለሁ። እሱን መናገር ነው የሚያስፈራኝ።

የበደልሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ። በጊዜው፣ በአፌ፣ ፊትሽን እያየሁ መባል የነበረበት ነገር ነው። የእኔን ይቅር ማለት አለማለትሽን ግን አላውቅም፤ ለመጠየቅ ጊዜ የነበረኝ እኔ ነኝ፣ ያባከንኩትም እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ይሄን ይዤው ነው የምኖረው። መኖር ይቻላል፤ ከባድ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ትንሽ ጎንበስ ብሎ።

በሰላም እረፊ፣ እትዬ።

ልጅሽ